ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩት መጽሐፍ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን ስናዘዝ ሌላ ሌላውን እያወራሁ ይህችን እዘላታለሁ። አሁን ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ለእናንተ ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። እኔ ሰርቄአለሁ። የሰረቅሁትም ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡትን መጽሐፍ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። አዲስ አበባ፣ ወሰን ሰፈር የአንድ ጋራዥ ዘበኛ ነበርኩ፤ ከዚያ ለቅቄ እዚያው የካ ውስጥ በነበረ የዩኒቨርሲቲ ማዕከል የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኜ ተቀጠርኩ። ማየት ወይም መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ከሌላው እኩል እንዲማሩ የሚረዳ ቤት ነው። መንግሥት በየዓመቱ በጀት ይመድብለታል፤ ተማሪዎቹ የሚበሉትም የሚያድሩትም በዚያ ነው። ኃላፊው መምህር ታደለ ራሳቸውም ዓይነ ስውር ናቸው።

ቤቴ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፉ መሀል ነበር። ፋሲካ ሲቃረብ ባለቤቴ ወርቄ፣

“ሰው ሁሉ ግድግዳውን ጋዜጣ ለጥፎበታል፤ እኛ ዘንድሮም ጭቃ እያየን ልንፈስክ ነው?” አለችኝ።

“ጋዜጣ ከየት አባቴ ላምጣ?”

“የወረቀት ጠባቂ አግብቼ ወረቀት ከጎረቤት ልለምን እንዴ?” ብላ ሳቀችብኝ።

ግምጃ ቤቱ ውስጥ በሲባጎ የታሰረ ወፍራም ወረቀት በመደርደሪያው ሙሉ ነበር። ገልጬ አየሁት። ቀለም የለበትም፤ ጉጥ ጉጥ ብቻ ነው። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ቀለም የሌለው ጽሑፍ ማን አስተማረኝ? እንዲህ እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ሸነገልኩ። ውሸት ነው። ልጆቹ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ጣታቸውን ሲያስኬዱ በመስኮት አይቻለሁ። መጠየቅ እችል ነበር። ያልጠየቅሁት፣ ካልጠየቅሁ ‘አላወቅሁም’ ለማለት ይመቸኛል ብዬ ነው። ካፖርቴ ውስጥ እየሸጎጥኩ አራት ቀን ተመላለስኩ። በዱቄት ሙጫ ለጠፍነው። ቤቱ ነጣ፤ ወርቄም ደስ አላት።

ከበዓሉ በኋላ የሚኒስቴር ሰዎች መጡ። የማዕከሉ በጀት ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። መምህር ታደለ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ተማሪዎቹ ዓመት ሙሉ በወስፌ መሳይ ብረት ነጥብ በነጥብ እየወጉ የጻፉትን የታሪክና የጂኦግራፊ መጽሐፍ ሊያሳዩ እንግዶቹን ወደ ግምጃ ቤት አስገቡ። እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ዘረጉ። ባዶ ነው። ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት፤ ደግመው ዳሰሱት።

“በቀለ፣ እዚህ የነበሩትን ወዴት አዛወርካቸው?”

“እኔ አላየሁም ጌታዬ” አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። በዚህ አፌ።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ “ጓድ መምህር፣ መጽሐፉ የለም ወይስ እኛም ማየት ተሳነን?” አለ። ሌሎቹ ሳቁ። መምህር አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። አንድ ሳምንት ብቻ ይሰጠን ብለው ለመኑ። ሰውየውም፣ “ሳምንት። ከዚያ በኋላ ለማይታይ ሥራ በጀት የለም” ብሎ ሄደ።

ያንን ሳምንት እንዴት ልንገራችሁ? በዚያን ጊዜ የመንግሥት ንብረት የነካ ሰው ምን እንደሚደርስበት አውቃለሁ፤ ፈራሁ። አንዱን ወረቀት በጥፍሬ ልልጥ ሞከርኩ፤ ተቀደደ። ወርቄ፣ “ምን ሆነሃል፣ ደህናውን ግድግዳ?” አለችኝ። ተውኩት። ተቀዶም ቢሆን ወስጄ ባሳይ ምን ነበረበት? የተቀደደ መጽሐፍም እኮ መጽሐፍ ነው።

በስድስተኛው ቀን አስናቁ የምትባል የማዕከሉ ተማሪ ከኪዳነ ምሕረት ጠበል ስትመለስ ዝናብ ያዛት። ወርቄ ከደጅ አየቻትና ገብታ እንድትጠለል እጇን ይዛ አስገባቻት። እኔ ከውጭ ስገባ መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ አገኘኋት። ጣቷ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ወርቄ እንጨት ልታመጣ ወጣ ስትል ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

“ጋሼ በቀለ፣ ይሄ ዓባይ ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት። የኔ እጅ ጠንክሮ ስለሚወጋ ሁሉም ይስቁብኛል” አለችኝ።

“አስናቁ፣ ልጆች አሉኝ” አልኳት።

መዳፏን ከግድግዳው አነሳች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ከዚያ፣ “እኔ አልናገርም። ነገ እርስዎ ይናገሩ። እርስዎ ከተናገሩ መምህር ያማልዱዎታል” አለችኝ። አልለመነችኝም። አላስፈራራችኝም። በትሯን ይዛ ወጣች።

በማግስቱ እስከ ማምሻ በመምህር ታደለ ቢሮ በር ስድስት ሰባት ጊዜ አለፍኩ። ኮቴዬን ያውቁታል፤ “በቀለ ነህ?” አሉኝ አንዴ። “አዎ ጌታዬ፣ የሚፈልጉት ነገር ካለ ብዬ ነው” አልኩና ሄድኩ። አስናቁ ደጁ ላይ ቆማ ሰምታኛለች።

በጀቱ ቆመ። ተማሪዎቹ ወደየሀገራቸው ተበተኑ። አስናቁን አውቶቡስ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ፤ ሳጥኗን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ስትሳፈር፣ “እግዜር ይስጥልኝ” አለችኝ፤ ስሜን ግን አልጠራችም። ትምህርቷን ትቀጥል አትቀጥል እስከ ዛሬ አላውቅም።

ፍርሃት ነው አልላችሁም፤ ድህነት ነው አልላችሁም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። የሷ ነበር። እሷ ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን ሰጥታኝ ነበር።