የማትታረደው ፍየል

በመኪና ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው ለታማሚ ገንዘብ የሚለምኑ ልጆች በሰፈሬ ሲያልፉ መስኮቴን እዘጋለሁ። ልቤ ደንድኖ እንዳይመስልህ። ያ ጎርናና ጩኸት በቀጥታ ነገሌ ቦረና ከብት ገበያ ይወስደኛል። አቧራውና የፍየል ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሥራ አይያዝልኝም።

አባቴ በነገሌ ጦር ሰፈር ሃምሳ አለቃ ነበር። ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት የወታደር ሚስት ስትሆን፣ አንድያ ልጇ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። የጓደኛዬ ልብ ታመመ። ሐኪሙ ቶሎ አዲስ አበባ ደርሳ ካልታከመች ተስፋ እንደሌላት ተናገረ። እናቷ ለዕለት ጉርስ እንኳ የሚበቃ አልነበራትም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያለ አባቴ መላ ዘየደ። በሬ አርዶ እንዳይደግስ ክርስቲያኑ ያረደውን ሙስሊሙ፣ ሙስሊሙ ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም። ስለዚህ ማንም የማይበላትን ፍየል አሰበ። የራሳችንን የምትታለብ ፍየል ገበያ አውጥቶ ለጨረታ አቀረባት። ያሸነፈ ይከፍልና ፍየሏን ይመልሳል፤ እንደገና ትሸጣለች። ከተማው አበደ። ልብስ ሰፊው ገዝቶ መለሰ፤ ባለሻይ ቤቷ ገዝታ መለሰች። ዋናው ገንዘብ የሚጠበቅባቸው የፊልቱ ከተማ ከብት ነጋዴዎችም ከሰዓት እንደሚደርሱ መልእክት ልከው ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ አባቴ ግን በተዋሰው ድምፅ ማጉያ፣ በአማርኛና በተሰባበረ ኦሮምኛው ሕዝቡን ሲያስቅ እኔ በኩራት ልፈነዳ ደርሼ ነበር።

ያኔ አንድ ሽማግሌ ከገጠር ደርሰው በትራቸውን አነሱ። ድርቁ ከብቱን የፈጀበት ዓመት ነበር፤ በእንዲህ ያለ ሽማግሌ ላይ ማን ይጨምራል? ሁሉም ዝም አለላቸው። ከሽርጣቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ከፈሉና ገመዱን ይዘው መንገድ ጀመሩ። ፍየሏ ተመልሳ እንደምትሸጥ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

አባቴ ሮጦ ደረሰባቸውና ገመዱን ያዘ። «ናጋ፣ ሰላም ነው አባባ፤ ፍየሏ እኮ ትመለሳለች» አላቸው። አልገባቸውም። ዋጋው ያነሰ መስሏቸው ባዶውን ቋጠሮ ዘርግተው አሳዩት።

«ልጅ ቤት አለ» አሉ። «ላም አለቀ። ወተት የለም።»

አባቴ ገመዱን እንደያዘ ዞሮ ጎረቤታችንን አያት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሽማግሌውን ትመለከት ነበር።

«ይተዉላቸው፣ ሃምሳ አለቃ» አለች።

ለቀቀው።

የፊልቱ ነጋዴዎች ሲደርሱ ገበያው ተበትኖ ነበር። በሚቀጥለው ገበያ አባቴ በግ ተውሶ ወጣ። ነገር ግን አንዴ የሰጠ መልሶ አይሰጥም፤ ቀልዱም አለቀበት። እንዲህ ስንል ጓደኛዬ ሞተች። ለሕክምናዋ የተሰበሰበው ለቀብሯ ዋለ።

እናቷ ወደ ዘመዶቿ አገር ስትመለስ ልትሰናበተን መጣች። አባቴ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ያዘችው።

«እኔ አይደለሁ ይተዉላቸው ያልኩዎት?» አለችው። አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ፣ ቢያንስ የሽማግሌው ቤት ልጅ ወተት ጠጥቷል ይለኛል። ጠጥቶ ይሆናል፤ እሰየው። እኔ ግን የምፈልገው ጓደኛዬን ነው።