የቦ እግር

የወሰዱኝ ከቧንቧው ሥር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰብስቤ ለግቢው ልጆች ከሶላት በፊት የሚታጠቡትን የውዱእ አደራረግ እያሳየሁ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ከጎኔ ቆማ ስሳሳት ታርመኛለች። ሁለት ሲቪል የለበሱና አንድ ፖሊስ ገቡ። ጥቆማ ደርሶናል ብለው ቤቱን በረበሩ፣ ደብተሬን ይዘው እኔን አስከተሉኝ። ቸርችልን ቁልቁል ስንወርድ ከክርኔ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ቴዎድሮስ አደባባይ ስንደርስ ደርቋል።

እኛ ግቢ ስድስት ቤት በአንድ ቧንቧ ነው የሚጠቀመው። እኔ ልጅ ሳለሁ ቁርአን እየቀራ የሚማረው ወንድሜ ነበር፤ እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ ጫማውን እጠብቃለሁ። ወልጄም ልጄን ቁርአን አስተማሪው ኡስታዝ ዘንድ ስወስዳት ያው ደጅ ተቀማጭ ነኝ። አንድ ቀን ኡስታዙ ብቅ ብለው፣ «እናንተ እናቶች፣ ቤቱ ካልቀራ ልጅቷ ከማን ጋር ትቀራለች? ግቡ እንጂ!» አሉን። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እናትና ልጅ በአንድ ምንጣፍ ሆነ። ልጄ መጀመሪያ የአረብኛውን አሊፍ ባ ታ፣ ቀጥላ ሀ ሁን አስቆጠረችኝ። እኔም ከእናቴ በጆሮ የያዝኩትን ዱዓ ሰጠኋት። በአርባ ሁለት ዓመቴ ስሜን ጻፍኩ።

አንድ ነገር ግን እምቢ አለኝ። ዓይኔ በአረብኛው ከቀኝ መነሳት ስለለመደ ባን ቦ፣ ቦን ባ አደርጋለሁ። ሳና ሶም እንደዚያው። «ኡሚ፣ እግሩን እዪው እንጂ! የቱ ነው የረዘመው?» ትለኛለች ልጄ። አያለሁ፤ ደግሞ እገለብጠዋለሁ።

ጣቢያ የጠበቀኝ መርማሪ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። እኔ እርስዎ እለዋለሁ፣ እሱ አንቺ ይለኛል። ግራ እግሩን አንስቶ እኔ የተቀመጥኩባት አግዳሚ ላይ፣ ከጭኔ አጠገብ ሰቀለው። ጫማው ጭቃ ነው። ደብተሬን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበ።

«ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ ሲወጣ ቦንቦው ጋ እንገናኝ።» ከደብተሩ ቀና አለ። «ቦሌ የት ነው? ኤርፖርቱ ጋ? ቦንቡን የሚያመጣው ማነው?»

«ቦንብ? ኧረ በአላህ! ቧንቧ ነው ጌታዬ። ቦሌም አይደለም፣ ባሌ ነው። ባሌ ወደ አትክልት ተራ ሲወጣ ቧንቧው ጋ እንገናኝ ማለቴ ነው። ለጎረቤቴ።»

«ቦሌ ባልሽ ነው?» ሳቀ። ሳቁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ስትገቢ አልተማርኩም ብለሽ በጣትሽ ነው የፈረምሽው። ያልተማረ ሰው ይጽፋል?»

በጣቴ ያተምኩት እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ነበር። ማን ይሰማኛል?

«የጻፈችው ልጅሽ ናት። ነገ ጠዋት እሷ ትጠየቃለች።»

«እኔ ነኝ! አስጽፈው ይዩኝ» አልኩት።

«ነገ እናያለን» አለ። እግሩን ግን አላወረደም።

ያሰሩኝ ክፍል በረኪናና እርጥብ ፍራሽ ትሸታለች። ጥግ ይዛ የተቀመጠች፣ መስቀል ያሰረች ሴት ቦታ ለቀቀችልኝ። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች፣ የአራዳ ልጅ። ለምን እንደገባች አልጠየቅኳትም። የሆነውን ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች።

«ወይኔ እናቴ! ባልሽን ኤርፖርት ላክሽው እኮ! ያውም ከነቦንቡ!»

እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ወዲያው ልቅሶ ሆነ። እሷ ጣቷን ሻይ ውስጥ ነከረችና ሲሚንቶው ላይ ጻፈች። «ይኸውልሽ፣ ግራ እግሩ ያጠረው ባ። ቀኝ እግሩ ያጠረው ቦ።»

አየሁት። መርማሪው ትዝ አለኝ። ፊቴ ቆሞ፣ በእኔ ቀኝ በኩል ያለውን እግሩን ሰቅሎ።

«ቦ እሱ ነው!» አልኩ።

ልጄ ሁለት ዓመት የለፋችበት በአንድ ኩባያ ሻይ ገባኝ። ደስ ብሎኝ ሲሚንቶውን በባና በቦ ሞላሁት። ሴትየዋ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«ነገ እንደዚህ እንዳትጽፊ።»

«ለምን?»

«አስተካክለሽ ከጻፍሽ ደብተሩ ያንቺ አይደለም ማለት ነው። ልጅሽን ያመጧታል። እንደ ድሮሽ ተሳሳቺ።»

በማግስቱ አግዳሚዋ ላይ የጫማው ጭቃ ደርቆ ቅርጹን ይዞ ቆየኝ። ወረቀት ሲሰጠኝ፣ የቁርአን መማሪያ ሰሌዳችን ሉሕ ላይ ከመጻፋችን በፊት እንደምናደርገው፣ ጭቃውን በሻርፔ ጫፍ ቀስ ብዬ ጠረግሁት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልጽፍ ነው።»

«ባሌ ሳሙና ገዛ። ሶስት ባቡር አየ። ቧንቧ ተሰበረ» አለኝ።

እጄ ወደ ትክክሉ ይሄድብኛል፤ እየጎተትኩ መለስኩት። «ቦሌ ሶሙና ገዛ። ሳስት ቦቡር አየ። ቦንቦ ተሰበረ» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ከደብተሬ አጠገብ አድርጎ ፊደል በፊደል አስተያየ። ወዲያኛው ጠረጴዛ ላይ የነበረው ባልደረባው አንገቱን አስግጎ አነበበ።

«አለቃ፣ ቦንብህ ውሃ ሆነ!» ብሎ ሳቁን ለቀቀው።

የመርማሪው ጆሮ ቀላ። የጣት ቀለሙን ወደ እኔ ገፋው። «አትሚ፣ መሃይም!»

መልሼ ገፋሁት። ስሜ ውስጥ ባም ቦም ሳም ሶም የለም፣ አልሐምዱሊላህ። ከነአባቴ ከነአያቴ፣ አንድም ፊደል ሳልስት ጻፍኩት።

በአራተኛው ቀን ለቀቁኝ። ልጄን አልነኳትም።

ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ልጄ ነጥቡን አስተካክላልኛለች። አሁንም የግቢው በር ሲንኳኳ ደብተሬን እደብቃለሁ። ሰው ተደብድቤ ይመስለዋል፤ መርማሪው አልደበደበኝም። አርባ ሁለት ዓመት ደጅ የጠበቅሁት ነገር በገባኝ ማግስት፣ በገዛ እጄ መሃይም ሆኜ እንድጽፍ አደረገኝ። ወርቄን ቢወስድብኝ ይሻለኝ ነበር።

ስሙን አላውቀውም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ሳስቆጥር ቦ ላይ ስደርስ፣ «ይሄ ማነው?» እላለሁ። ልጆቹ ይጮሃሉ፣ «እግሩን ሰው መቀመጫ ላይ የሚሰቅለው ባለጌ!» እናቶቹ ይስቃሉ። እነዚህ ልጆች ነገ ለልጆቻቸው ያስቆጥራሉ። እሱ አርጅቶ ከሞተም በኋላ በአንድ እግሩ እንደቆመ ይሳቅበታል። አይበቃኝም፤ ግን እያንዳንዱን ቅዳሜ እጠብቀዋለሁ።

ኡስታዙ ይህን ሰምተው ተቆጡኝ። «መማር ይበልጣል» አሉኝ፤ ይቅር ማለቱን ማለታቸው ነው። «መማር ሁለት ነው። አንዱን ችየዋለሁ» አልኳቸው።

«ሌላውስ?» አሉኝ።

«መጀመሪያ እግሩን ያውርድ» አልኳቸው።