በጉም ውስጥ የተሰጠ ቃል

የእህቴ የልጅ ልጅ ሰላም ባለፈው ሳምንት ለፍርድ ቤት ጸሐፊነት ልትፈተን መሆኑን ልትነግረኝ መጣች። «አባባ፣ ለዚህ ሥራ ምን ምን ችሎታ ያስፈልጋል?» አለችኝ። በፍጥነት መጻፍ፣ በጥሞና ማዳመጥ፣ ምስጢር መጠበቅ ብዬ ጀመርሁና አፌ ተያዘ። እሷ ያልሰማሁ መስሏት ጥያቄዋን ጮክ ብላ ደገመችልኝ። ጆሮዬስ ደህና ነው፤ ኮሶዬ የሚባለው የደጋ አገር ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የእጅ ጽሑፉ ያምራል ተብዬ አራዳ ካለው ፍርድ ቤት ተቀጥሬያለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ አለቃ ይትባረክ የሚባሉ፣ በትንሽ በትልቁ የሚቆጡ ሽማግሌ ነበሩ። «የምስክር ፊት አትይ» ይሉኛል። «ፊቱን ካየህ ታዝንለታለህ፤ ካዘንህለት ትጨምርለታለህ። ቃሉ በእጅህ ይለፍ እንጂ ልብህ ውስጥ አይደር።» ምስክሩ ሲጨርስ የጻፍሁትን መልሼ አነብለታለሁ፤ «ቃሌ ነው» ካለ ይጸናል። ትምህርቱ ከመጠን በላይ ሳይገባኝ አልቀረም፤ ቀኑን ሙሉ ቃሉን ስጽፍለት የዋልሁት ባለጉዳይ ማታ መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ ማን ይሁን እያልሁ አልፈው ነበር።

በጥቅምት ከዳኛው ጋር በጭነት ማኪና ኮሶዬ ወጣን። አያ አዳነ የሚባል ገበሬ ከጠፋ ሰንብቷል፤ በድንበር የተጣላው ጎረቤቱ ሞላ ገድሎ ቀበረው ተብሎ ታስሯል። የዚያ ፍርድ ስቅላት ነው። ዳኛው ለአውጫጭ አገሩን ሰበሰቡ። በአውጫጭ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ጎረቤት ሁሉ ሜዳ ላይ ይውላል። በአደባባይ መናገር የፈራ ሰው፣ ምስጢር ላያወጡ ለማሉ ሦስት ሽማግሎች ያንሾካሹካል፤ እነሱም ስሙን ሳይጠሩ «ወፍ እንዲህ አለች» ብለው ለጸሐፊ ያስጽፋሉ።

በሶ ጨብጠን በልተን ሥራ ጀመርን። ሁሉም «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ይላል። የሞላ እናት ከሰዉ ተለይታ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ረፋዱ ላይ ጉሙ ከገደሉ አፍ ተነሥቶ ያልታጨደውን ገብስ አልፎ ሜዳውን ሸፈነው። ዳኛው እንኳ ጠፉኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው የሚሰማው ሳል ብቻ ነበር።

ያኔ አንድ ሰው ከፊቴ ቁጢጥ አለ። ኮቴ አልሰማሁም፤ የእርጥብ አፈርና የሰም ሽታ ግን ሸተተኝ። ከሽማግሎቹ አንዱ መስሎኝ፣ እንደ ልማዴ ቀና ሳልል ብዕሬን ነከርሁ። እጄ እስኪደርስለት እየጠበቀ፣ ቃል በቃል ተናገረ። ጽፌ ስጨርስ አነበብሁለት።

«ቃሌ ነው» አለ።

ጉሙ ሲገለጥ ዳኛው «ወፍ ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ። ተነሥቼ አነበብሁ፤ «ሞላ የለበትም። ማር ልቆርጥ ገደሉን ስወርድ ገመዱ ተበጠሰ። ከታች ከወይራው ሥር ነኝ። አንሡኝ።»

ምን እንዳነበብሁ የገባኝ የመጨረሻው ቃል ላይ ስደርስ ነው። 

«እኛ ዛሬ ምንም አላስጻፍን» አለ ከሽማግሎቹ ትልቁ። «ወፍም ወደኛ አልመጣች።»

«ታዲያ ማን ነው ያስጻፈህ?» አሉ ዳኛው።

«አላየሁትም፣ ጌታዬ።»

ጎበዛዝት ገመድ ይዘው ወረዱ። ብዙም ሳይቆይ ከገደሉ ሥር እሪታ ተሰማ። አያ አዳነ ከወይራው ሥር ተገኘ፤ የተበጠሰው ገመድ ወገቡ ላይ ታስሮ፣ ማር የያዘው አቁማዳ አጠገቡ ወድቆ። ሞላ ያን ዕለት ተፈታ፤ እናቱም እልል አለች። ከኔ ግን ሰው ሁሉ ራቀ። ጠላ ያመጣልኝ ሰውዬ ዋንጫውን መሬት ላይ ትቶልኝ ሄደ። እኔም ራሴን ፈራሁት።

ወረቀቴን ስሰበስብ የአያ አዳነ ሚስት መጣች። ያልፈራችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

«ልጄ፣ ያስጻፈህንስ ሰማሁ» አለችኝ። «ድምጡ እንዴት ነበር? በርዶት ነበር ወይ?»

ቃሉን አንዲት ሳላስቀር ይዤዋለሁ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ግን አላስተዋልሁም። «እንጃ እናቴ» አልኋት። ጥቂት ቆማ ጠበቀችኝ። ከዚያ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ወደ አስከሬኑ ተመለሰች። እንደዚያ ቀን አፍሬም አዝኜም አላውቅ።

ሰላም ወሬውን ስትሰማ ክንዷን አሻሸች። «ቀና ብለህ ብታየው ኖሮስ?» አለችኝ።

«ብዕሬን ጥዬ እሮጣለሁ፤ ሞላም ይሰቀላል» አልኋት። የአለቃ ትምህርት ሰው አድኗል፤ ይህን አልክድም። ለፈተናዋም እሱኑ እንድታጠና መከርኋት፤ ያልተባለ አትጻፊ፣ አንዲት ቃል አትጨምሪ አልኋት። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ብቻዬን ቁጭ ብዬ ስለዚያች ሴት አሰብሁ። «አልበረደውም» ብላት ያልሰማሁትን መጨመር ነበር። ዛሬ ብትጠይቀኝ እጨምርላታለሁ።