ስድስት ሲሊንደር ወይስ ተርቦ

መርካቶ፣ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ጓርኒሲዮን ሸጫለሁ። ጓርኒሲዮን በሁለት የሞተር ብረቶች መሃል ገብታ ዘይትና ውሃ እንዳይፈስ የምትይዝ ስስ ማሸጊያ ናት። ሱቄ ከወለሉ እስከ ጣሪያው በእሷ የተሞላ ነው። ሰው መኪና ሲያይ ቀለሙንና ጎማውን ያያል፤ እኔ የማውቀው ሆዱን ነው። የሞተሩን ዓይነት ንገሩኝ እንጂ ጓርኒሲዮኑን ከየትኛው መደርደሪያ እንደማወርድ ዓይኔን ጨፍኜ አሳያችኋለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት የነዳሁት ግን አንዲት ትንሽ፣ ነጭ፣ ታማኝ መኪና ብቻ ነበር። ዳገት ላይ የተጫነ ሚኒባስ እንኳ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋት ነበር።

የመጨረሻዋ ልጃችን ተመርቃ ሥራ በያዘች በወሩ፣ አንድ እሑድ ከራጉኤል ከቅዳሴ ስንወጣ ባሌን፣ «ሁለት በር ያላት መኪና ልገዛ ነው» አልኩት።

ባሌ እዚያው መርካቶ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር የፕላስቲክ ዕቃ በጅምላ የሚሸጥ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። «ምን ልትሠሪበት?» ይለኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ሦስት ልጅ ያሳደገች ሴት የስፖርት መኪና አማረኝ ስትል የሚመጣውን ጥያቄ መቼም አላጣውም። እሱ ነጠላውን ትከሻው ላይ አስተካከለ፣ ጥቂት እርምጃ ሄደና፣

«ስንት ሲሊንደር?» አለኝ።

መንገድ መሃል ቆሜ ሳቅሁ። ለካ ሱቁ ደንበኛ ሲጠፋበት አቀርቅሮ ስልኩ ላይ የሚያየው የመኪና ቪዲዮ ኖሯል። እኔ ዜና የሚከታተል ይመስለኝ ነበር።

ቤት እስክንደርስ ሐሳቡን አስረዳኝ። እሱ የሚለው አራት ሲሊንደር ከተርቦ ጋር ነው። «ሞተሩ ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቤንዚን አይበላም። ጉልበት ስትፈልጊ ደግሞ ተርቦው አየር ጠቅጥቆ ይነፋለታል፤ ያኔ ከስድስት ሲሊንደር አያንስም» አለኝ። ተርቦ ምን እንደሆነ ለእኔ ማስረዳቱ አስቆኝ ነበር፤ ግን ዓይኑ እንደዚያ ሲያበራ ካየሁ ቆይቼ ስለነበር እስኪጨርስ አዳመጥኩት።

በማግስቱ ጉዳዩን ከሱቄ ጀርባ ጋራዥ ላላቸው አዛውንት መካኒክ ነገርኳቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሥራ ስጀምር የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታን፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ከካምቢዮ፣ የማልለይ ነበርኩ፤ የሞተርን ነገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የካቻቢቴያቸውን እጀታ ጆሯቸው ላይ ደግፈው፣ ጫፉን ሞተር ላይ አሳርፈው የውስጡን ድምፅ የሚያዳምጡ ሰው ናቸው።

«ተርቦ?» አሉ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ተርቦማ ለሥራ መኪና ነው። አንቺ ለደስታሽ ነው የምትገዢው አይደል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«በይ እንግዲያው ስድስት ሲሊንደር ግዢ። ስድስቱ ሲዞሩ አንዱ የሌላውን መንቀጥቀጥ ይሽረዋል። መሪው በእጅሽ ላይ ጸጥ ይላል። ድምፁን ሰምተሽ ወደ አራት መመለስ አትችይም።»

«ባለቤቴ ግን ተርቦ ነው የሚለው።»

«እሱ ሳፋውን ይሽጥ» አሉና ሳቁ።

ወሬው ተራውን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ጎማ ሻጮቹ ተርቦ አሉ፣ ራዲያተር ሠሪዎቹ ስድስት አሉ። ተሸካሚዎች ካርቶን ተሸክመው በሱቄ በር ሲያልፉ ሳይቀር፣ «እትዬ፣ ተቆረጠ?» ይሉኝ ጀመር። ሻይ የምታመጣልኝ ሴት ደግሞ በሁለቱም አልተስማማችም።

«አሁን ሰው ሁሉ ኤሌክትሪክ እየገዛ አንቺ ቤንዚን ትያለሽ?»

«እኔ እኮ ጓርኒሲዮን ሻጭ ነኝ» አልኳት። «ጓርኒሲዮን የሌለው መኪና ነድቼ በየትኛው ፊቴ ሱቅ ልክፈት?»

እውነቷን ግን ነበር። የቤንዚን የቤት መኪና ከውጭ መግባት ካቆመ ወዲህ ያለው እዚሁ ያለው ነው፤ ሁለት በር ያለውማ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። የያዝነው ደላላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከተማውን አካሎ ሁለት መኪና ብቻ ይዞልን መጣ። አንዱ ግራጫ የጀርመን መኪና ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ። ሌላው ሰማያዊ የጃፓን መኪና፣ አራት ሲሊንደር ከተርቦ ጋር። የእሱ ባለቤት መንታ የተወለደለት ወጣት ነው፤ ሁለት የሕፃን ወንበር በሁለት በር ማስገባት አቅቶት ነው የሚሸጠው። ዋጋቸው ስለሚቀራረብ በብር መለየት አልተቻለም።

መጀመሪያ ግራጫውን ለማየት ቅዳሜ ጠዋት እኔ፣ ባሌና ጋሼ ወደ መሐንዲሱ ቤት ሄድን። መኪናው ቆርቆሮ በለበሰ ማቆሚያ ሥር ተሸፍኖ ቆሟል። ጋሼ ኮፈኑን አስከፍተው፣ ሞተሩን አስነስተው፣ «እስቲ አንድ ብርጭቆ ውሃ» አሉ። የመሐንዲሱ ባለቤት የሚጠጡ መስሏቸው በሳህን ይዘው መጡ። ጋሼ ብርጭቆውን ተቀብለው የሚሠራው ሞተር ራስ ላይ አስቀመጡት። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። ውሃው ንቅንቅ አላለም፤ ከላይ ያለው ቆርቆሮ መስመሩ ሳይታጠፍ ውስጡ ይታይ ነበር። ጋሼ ባሌን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ውሃውን ጠጡት።

እኔ ልነዳ ተቀመጥኩ፣ ጋሼ ጋቢና ገቡ፣ ባሌ ጉልበቱን አገጩ ሥር አጥፎ ከኋላ ተወሸቀ። በሽሮ ሜዳ አድርገን ወደ እንጦጦ ወጣን። ቤንዚን በሰጠሁት ቁጥር ድምፁ ከታች ተነስቶ እየጠራ፣ እየጠራ ይሄዳል። በየቀኑ የምዳስሳቸው ብረቶች አንድ ላይ ሆነው እንዲህ እንደሚያዜሙ አላውቅም ነበር። ያንን ድምፅ ለመስማት ብቻ ማርሽ ዝቅ እያደረግሁ ነዳሁ።

ዳገቱ ሲከር ግን ድምፁና ፍጥነቱ ተለያዩ። ሞተሩ ያዜማል፣ መኪናው ግን ያሰበውን ያህል አይሮጥም።

«ከፍታው ነው» አሉ ጋሼ ቅር እያላቸው። «እዚህ አየሩ ስስ ነው። ይሄ የሚተነፍሰው በራሱ ሳንባ ነው።»

«ተርቦ ቢሆን እኮ...» አለ ባሌ ከኋላ።

«አንተ ደግሞ ጉልበትህን ሰብስብና ተቀመጥ!»

በሳምንቱ ሰማያዊውን አየን። ጋሼ አልገባም አሉ። «እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ሲያልፍ ልስማው» ብለው ሽሮ ሜዳ ቀሩ። ባሌ መሪውን ያዘ፣ እኔ ጎኑ ተቀመጥኩ። ፍሪሲዮኑን ለቀቀና ቤንዚን ሰጠ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። አንድ ትንፋሽ የምትወስዱበትን ያህል ጊዜ መኪናው የሚያስብ መሰለ። ከዚያ ከኮፈኑ ሥር ቀጭን ፉጨት መጣና ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ።

«ወይኔ!» አለ ባሌ።

«ቀስ በል!»

«ወይኔ! ወይኔ!»

ግራጫው ያቃሰተበትን ዳገት እንደ ሜዳ በላው። አንድ ሚኒባስ አለፍን፣ ሁለተኛ አለፍን። እኔ የበሩን እጀታ በሁለት እጄ አንቄ «ቀስ በል» እላለሁ፣ እሱ ይስቃል። ባሌን በሠርጋችን ቀን እንኳ በፈገግታ ብቻ ነው የማውቀው። አናቱ ላይ ስንደርስ መኪናውን አቁሞ ወረደና ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ስንመለስ ጋሼ መንገድ ዳር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው አገኘናቸው።

«እንዴት ነበር?» አላቸው ባሌ።

«ዝንብ ይመስላል» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ ሐቀኛ ሰው ናቸውና፣ «ዳገቱን ግን አልዋሽም፣ ችሎታል» አሉ።

ሰኞ ሱቄ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ደንበኞቼን አንድ በአንድ አስታወስኩ። ባለ ስድስቶቹ በዓመት በዓመት ለአንድ ዓይነት ጓርኒሲዮን ይመጣሉ፤ ሞተሩ ከላይኛው ክዳን ዘይት ያነጥባል። እያማረሩ ይገቡና የመኪናቸውን ፎቶ ከስልካቸው አሳይተውኝ ይወጣሉ። ባለ ተርቦዎቹ ከስንት አንዴ ናቸው፤ ሲመጡ ግን ተርቦው ራሱ ሄዶባቸው ነው። ተራውን ከዳር እስከ ዳር ዞረው ያጡና ከዱባይ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። በዚህ በኩል ግራጫው ይሻለኛል። ደግሞ ከቤቴ እስከ ሱቄ ያለውን መንገድ አሰብኩ። ከሰባተኛ ጀምሮ ጋሪ፣ አይሱዙ፣ ጆንያ የተሸከመ ሰው፤ ቶሎ ተኬደ ከተባለ በእግረኛ ፍጥነት ነው። እዚያ መሃል ተርቦ መቼ ሊነሳ? ስድስቱ ግን ቆሞ እንኳ ደስ ይላል።

ልቤ የቱ ጋ እንዳለ ገባኝ። ቢሆንም እንጦጦ አናት ላይ የሳቀው ሰውዬ ከፊቴ አልሄድ አለ።

ምሳ ሰዓት ላይ ባሌ እንደ ልማዱ ምሳችንን ይዞ መጣ። ገና ሳይቀመጥ፣ «ተርቦውን እንግዛ» አልኩት።

«ለምን?»

«ፈጣን ነው። ቤንዚንም አይበላም ብለሃል።»

«እውነቱን ንገሪኝ።»

«ስትስቅ ስላየሁህ ነው።»

የምሳ ዕቃውን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ አየኝ። «እኔ ደግሞ ግራጫውን እንዲይዝልን ለደላላው ጠዋት ደውያለሁ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ከኋላ ነበር የተቀመጥኩት። ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ አንድ ቃል አልተናገርሽም። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ዝም ብለሽ ያየሁሽ ያን ቀን ብቻ ነው።»

በእጄ በነበረው ጓርኒሲዮን ትከሻውን መታሁት።

«ተርቦውስ? የሳቅከውስ?» አልኩት።

«መኪናውም አስቆኛል፣ አልክድም። ግን አንቺ ‹ቀስ በል› ስትዪኝ ሰምቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ‹ቶሎ በል› ነው የምትዪኝ።»

ምሳው ቀዘቀዘ። ቆይተን እንደቀዘቀዘ በላነው።

ግራጫውን በዚያው ሳምንት ገዛን። ወደ ተራው ይዤው ስገባ ተሸካሚዎቹ ጋሪያቸውን ወደ ዳር ገፍተው መንገድ ለቀቁልኝ። ጋሼ ኮፈኑን ከፍተው፣ «ዝም በሉ! ስሙ!» ብለው ጮኹ። መርካቶ ውስጥ፣ በቀን፣ ሠላሳ የሚሆን ሰው ዝም ብሎ ሞተር ሲሰማ አየሁ። ከጎማ ሻጮቹ አንዱ፣ «ለነገሩ ደህና ነው» አለ። ከተርቦ ወገን ያገኘሁት ምስጋና ይኸው ነው።

በሁለተኛው ወር ዘይት ማንጠብ ጀመረ። ሶማሌ ተራ ውስጥ መኪናዋ ዘይት አፍስሶባት ደስ ያላት ሴት ከእኔ በቀር ያለች አይመስለኝም። ጓርኒሲዮኑን ከራሴ መደርደሪያ አውርጄ ወደ ጋሼ ጋራዥ ሮጥኩ። እሳቸው አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ሳያስገቡ እኔን አሠሩኝ።

«ከመሃል ጀምሪ። ወደ ዳር፣ ወደ ዳር። አትጠምዝዢው፣ ቡሎኑ ራሱ በቃኝ ሲል ይነግርሻል።»

ሃያ ሁለት ዓመት የሸጥኩትን ዕቃ በገዛ እጄ ስገጥም የመጀመሪያዬ ነበር። እስከ ክንዴ ዘይት ሆኜ ሞተሩን አስነሳሁት። ጋሼ በክዳኑ ዙሪያ ጣታቸውን አዙረው፣ ደረቅ ሆኖ ሲያገኙት፣ «በይ፣ አሁን መኪናው ያንቺ ሆነ» አሉኝ።

አሁን እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ተራ በተራ እየነዳን ከከተማ እንወጣለን። ባለፈው ወደ ጫንጮ ስንሄድ ነጭ የለበሱ ሁለት እናቶች መንገድ ዳር እጃቸውን አነሱልን። ባሌ ነበር የሚነዳው፤ አቆመ። የመኪናውን ቁመት አይተው ተያዩና ሳቁ። እኔ ወርጄ አንደኛዋን ወደ ኋላ አሳልፌ አጠገባቸው ተጣጥፌ ገባሁ። ሌላኛዋ ጋቢና ተቀምጠው ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰበሰቡ። ሜዳው ላይ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ መንገዱም ባዶ ነበር። ባሌ ለእንግዶቹ ብሎ ሞተሩ እንዳይጮህ ቀስ እያለ ይነዳል። ጥቂት እንደሄድን ጋቢና ያሉት እናት ወደ እሱ ዘንበል አሉ።

«ልጄ፣ ይቺ መኪና ከዚህ በላይ አትሄድም?»

«ትሄዳለች፣ እማማ።»

«እህ፣ ታዲያ ምን ይዞህ ነው?»

ባሌ በመስታወቱ አየኝና ማርሹን ዝቅ አድርጎ ቤንዚን ሰጠ።