«የት ቀረህ» የተባለው ዘፈን

ዛሬ ቀናውን የሚያውቅ ሰው፣ ዘፈን ሠሪ ነበር ቢሉት ይስቃል። ነበር እንጂ! ከሮሪሳና ከሱፍያን ጋር ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ ስለነበር የሃውስ ሙዚቃ ቡድናቸውን «ሦስተኛ ፈረቃ» አሉት። የቡድኑ ዕድሜ ስምንት ወር፣ የታወቀለት ዘፈን አንድ። ምነው ያችኑም ባልሠሯት!

አክስቱ አቻምየለሽ አቃቂ በሰቃ የታወቀች አልቃሽ ናት። አንድ ልጇ ሰይፈሥላሴ ሥራ ላይ ሳለ ሞተባት። ያን ቀን ድንኳን ውስጥ ደረቷን እየመታች፣ «ሰርቪሱ መጣ፣ አንተ የት ቀረህ?» እያለች ለራሷ ልጅ ሙሾ አወረደች። ዱባይ ላሉት ዘመዶች ይላክ ተባለና ቀናው በሞባይሉ ቀዳው። እስከዚህ ምን ክፋት አለው? ሁሉም የሚያደርገው ነው።

ከአርባው በኋላ ግን ያንን ድምፅ ኮምፒውተር ላይ ጫነና ከሥሩ የጭፈራ ቢት ገጠመለት። ሱፍያን «ኧረ ቀኔ፣ ይሄ እኮ ለቅሶ ነው!» ቢለው፣ «ለሰይፉ ማስታወሻ ይሁነው» አለ። ከልቡ ነበር፤ አብሮ አደጉን ይወደው ነበር። ሕዝቡ ግን ምን ቸገረው? ጨፈረበት! ሠርጉም፣ ጭፈራ ቤቱም፣ ታክሲውም «የት ቀረህ» ሆነ።

አቻምየለሽ ወደ ሳሪስ ስትሄድ ታክሲ ውስጥ ሰማችው። ሾፌሩ መሪውን በጣቱ እየመታ ይወዛወዛል። «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች፤ ወርዳም እስከ ቤቷ በእግሯ ተመለሰች። ቀናው ዘፈኑን ላጥፋ ቢል ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ በየሰው ስልክ ገብቷል። ሁለተኛ ዘፈን ሠሩ፣ ሰሚ አጣ፤ ቡድኑም ፈረሰ። ሽማግሌ ሲላክባት «እግዜር ይቅር ይበለው፣ እኔም ብያለሁ» አለች።

ዘንድሮ የቀናው እናት ታመመች። እንደማትተርፍ ስታውቅ እጁን ይዛ፣ «ሌላ ምንም አልልህም። ያለ ሙሾ እንዳልቀበር፤ እህቴ ታልቅስልኝ» አለችው። ሄዶ አክስቱ እግር ላይ ወደቀ።

«እትዬ፣ ለኔ ሳይሆን ለሷ ብለው...»

«ተነሥ አንተ! እህቴ አይደለችም እንዴ? ላንተ ብዬ ነው የማለቅሰው?» አለችው። ልቡ አረፈ።

የቀብሩ ዕለት ድንኳኑ ሞላ። አቻምየለሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሣች፣ ደረቷን መታ መታ አደረገችና፣ «እህት ዓለም፣ የት ቀረሽ?» ብላ ጀመረች። ድምፁ ያው ነው። የቀናው ዕንባ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። ወዲያው አክስቱ ዝም አለች። ዓይኗ መሬት ላይ ነው፤ እሱም ወደምታይበት አየ።

እግሩ ቢቱን እየመታ ነበር።

«አየህ ልጄ» አለች፣ ሳትቆጣ። «እህቴን እንኳ አልቅሼ እንዳይወጣልኝ አደረግከኝ።» ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች።

ሌላ ሙሾ የሚያወርድ አልተገኘም። እናቱን ያለ ሙሾ ቀበራት።