ሁለት ጆንያ የከሰል አመድ

ብቻውን የሚኖር ሰው ጠዋት ጠዋት የሚጠራው ካላገኘ መኖሩን ራሱም ይጠራጠራል። ዳባት ውስጥ እኔን የሚጠሩኝ ጎረቤቴ ነበሩ፤ እማማ እላቸዋለሁ። ግቢያችንን የሚለየው ሳሳ ያለ የባሕር ዛፍ አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ ሆነው «ቲቸር፣ አደርሽ?» ይላሉ። «አለሁ፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» እላለሁ። ካልመለስኩ በሩን ገፍተው ይገባሉ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንዳንዱን ቀን ከሰው ጋር የማወራው ይህንኑ ብቻ ነበር። አላጋነንኩም።

ሌላው የሚያገናኘን ነገር ነጭ ሽንኩርት ነው። መሬቱ የእኔ ግቢ፣ ዘሩ የእሳቸው፤ እኩል እንካፈላለን። እማማ ዓመቱን ሙሉ የምድጃቸውን አመድ ያጠራቅሙና መደቡ ላይ ይነሰንሱታል። ተባይ ያባርራል፣ አፈሩንም ያለዝባል ይላሉ። እናታቸውም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል።

ከከተማው ወጣ ብሎ ጡብ የሚያቃጥሉ ሰዎች መጡ። እንጨት ስለተወደደ የሚያነዱት ከቆላ ተቆፍሮ በጭነት መኪና የሚመጣ የድንጋይ ከሰል ነው። አመዱን መንገድ ዳር ከምረው የፈለገ ይውሰድ አሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ በነጻ የተገኘ ነገር አይናቅም። ገሚሱ ሰው ጭቃ መደልደያ አደረገው። እማማ ሁለት ጆንያ በአህያ አስጭነው ግቢዬ ድረስ አመጡ። ደስታቸው ሙሽራ የሚያስገቡ ያስመስላቸው ነበር።

«ይኸውልሽ ቲቸር! ምድጃችን በዓመት የማይሰጠንን በአንድ ቀን አገኘን።»

«ከድንጋይ የወጣ አይደል እንዴ?» አልኩ።

«አመድ መቼ ዘር ይቆጥራል!»

ሳቅን። ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለ አመድ ምን አውቃለሁ? ነፋሱ ፊታችን ላይ እየመለሰው አብረን በተንነው።

ክረምቱ ገባ። አመዱ ውሃ ጠጥቶ ደረቀና መደቡን እንደ ምርጊት ደፈነው። የሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያም ተኛ። ከአመዱ ክምር ሥር የሚያልፈው ጅረት ግራጫ ሆኖ ይወርድ ጀመር፤ ከብቶች አሽትተውት ይመለሳሉ። እኔን ደግሞ ሳል ያዘኝ። ከአመዱ ይሁን ከብርዱ የነገረኝ የለም፤ ብቻ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

አንድ የግብርና ባለሙያ ለምኜ አመጣሁ። መደቡን በጫማው ጫፍ ጫር አደረገና፣ «የእንጨት አመድ መስሏችሁ ነው? ይሄ ከመሬት ሆድ የወጣ ነው፤ መርዝነት ያላቸው ብረቶች ሊኖሩበት ይችላሉ። የተረፈውንም ነቅላችሁ ጣሉት፤ እንዳትበሉት» አለ። ልክ በዚያን ጊዜ ሳሌ መጣ። እማማ መጀመሪያ መደቡን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ።

«በገዛ እጄ ነው ያሳመምኩሽ» አሉ።

«አብረን አይደል እንዴ የበተንነው?» ብል አልሰሙኝም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወጡ።

በማግስቱ «አደርሽ?» የሚል ጠፋ። በሳልስቱም። ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ተይኝ ልጄ፤ ባየሁሽ ቁጥር ያ አመድ ይታየኛል» አሉኝ።

ተናደድኩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ የቅርቡ ጎረቤት ሲርቅ ምን እንደሚሻል ግን የሚናገር የለም። ሽንኩርት እንደሆነ ገበያው ሞልቶታል። እኔ ሞቼ ባድር ማን ያውቃል?

አንድ ጠዋት በእልህ በሬን ሳልከፍት ቀረሁ። ሲጨንቃቸው ይመጡ የለ! አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ከአጥሩ በኩል ኮሽታ ሰማሁ። በመስኮቱ ስንጥቅ አየሁ። እማማ አጥሩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጆሯቸውን ወደ ቤቴ አዘንብለው ቆመዋል። የቆሙበት ሣር ተረግጦ መሬቱ ራቁቱን ወጥቷል። ለካ በየማለዳው እዚያ እየቆሙ የበሬን ድምፅ ሲያዳምጡ ኖረዋል!

በሩን ሲጥ አድርጌ ከፈትኩት።

«ደህና አድሬያለሁ፣ እማማ! ሳሉም ለቆኛል!» አልኩ ጮክ ብዬ።

እጃቸው አጥሩን ሲለቅ አየሁ። ሳሉ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር፤ አፌን በጋቢዬ አፍኜ እግራቸው እስኪርቅ ጠበቅሁ።