የኔታ አፋቸውን ሲከፍቱ

የምሠራበት የጥርስ ሐኪም ቤት ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም። ዶክተሩ የተቦረቦረ ጥርስ ለጊዜው ሲደፍን የሚጠቀምበት ነገር የቅርንፉድ ዘይት አለበት፤ ብልቃጡን የምከፍተው እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ከፍቼዋለሁ፣ አሁንም በከፈትኩት ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። ቅርንፉድ ብቻውን ምን በወጣው፣ ሻይ ውስጥ ሲገባ ማን ይጠላዋል? ከበሰበሰ ጥርስ ጋር ሲሆን ግን የኔታ ወልደ ሰንበት ናቸው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ወንበሩ ላይ ተኝቶ አፉን ሲከፍት ያው ሽታ ወጣና፣ ጭምብል አድርጌ እንኳ ፊቴን አዞርኩ። ዶክተሩ አሞኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ፊደል ያስተማሩኝ ሰው ሸተቱኝ ይባላል?

ልጅ ሳለሁ ሐሙስ ከሰዓት የእኛ ሰው ቀን ነበር። በጣሊያኖች ቤት የሚሠሩት እናቶቻችን ከእሑድ ሌላ የሚያርፉት ያን ግማሽ ቀን ስለሆነ፣ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አግዳሚው ላይ ተደርድረው አሠሪ ሲኞራዎቻቸውን ያማሉ፣ ስለ ፔርሜሷቸው፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ይጨነቃሉ። እኛን ዘጠኙን ልጆች ደግሞ ከአደባባዩ ጀርባ ባለ ሕንፃ ካንቲና ውስጥ ለየኔታ ያስረክቡናል። ካንቲና ያው ምድር ቤት ነው፤ ሰው አሮጌ ብስክሌትና ባዶ ጠርሙስ የሚያጉርበት። የሕንፃው ጠባቂ የነበረችው አልማዝ የምትባል ሴት የአገራቸው ልጅ ናት፤ ልጆች ያስተምራሉ ብላ አስፈቅዳ ነው እዚያ ያስጠጋቻቸው። ግድግዳው ያልበዋል። ማሞቂያው ጥግ ላይ ያጓራል። የሚተኙበት ፍራሽ ተጠቅልሎ ከበሩ ጀርባ ይቆማል፣ እሱም ይሸታል። እውነቱን ልናገር፣ እዚያ ቤት የማይሸት ነገር አልነበረም።

የኔታ ጎጃም ውስጥ ብዙ ዓመት ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው፣ ግን ዜማውን አይወዱትም። ሀ ሁ ሂ ብሎ መውረድ በቀቀንም ይችላል ይሉ ነበር። አልተሳሳቱም። ሁላችንም ከእናቶቻችን የሰማነው ዜማ ከላይ እስከ ታች ይወርድልናል፤ ከመሃል አንዲት ፊደል ቢመዙብን ግን ድርቅ ነው። እናቴ ራሷ እስከ ፐ ድረስ ሳትተነፍስ ትወርደዋለች፣ ማንበብ ግን አትችልም ነበር። ስለዚህ የኔታ ጋዜጣ መሃል አውራ ጣት የሚያህል ቀዳዳ ቀድደው የፊደል ገበታውን ያለብሱታል፤ በቀዳዳው የምትታየውን አንዷን ፊደል መጥራት ነው። ስናፈጥ፣ አፌን እዩ ይሉናል።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ በአንድ ጠርተው አፍንጫችን አገጫቸውን እስኪነካ ያስጠጉናል። ካዕብ ሲሆን ከንፈራቸውን እንደሚያፏጭ ሰው ያሾላሉ፣ ምራቃቸው ጢማቸው ላይ ይንጠባጠባል። ሣልስ ሲሆን ከንፈራቸው ወደ ጆሮ ይሳብና ቢጫው ጥርስ ብቅ ይላል። ራብዕን ግን አያምጣው ነው! አገጫቸው ይወርድና የጠቆረው መንጋጋ፣ ነጭ ሽፋን የለበሰው ምላስ፣ በጉድጓዱ ውስጥ የተወሸቀው ቅርንፉድ፣ ሁሉም ይታያል። ከዚያ ትንፋሻቸው ይመጣል። ጉንጫቸውን ይዘን የአጥንቱን አወራረድ በጣታችን ካልለካን አይለቁንም። ልጆቹ ኬ ስኪፎ እየተባባልን፣ በእኛ አፍ ‘ሲያስጠላ’ ማለታችን ነው፣ ትንፋሻችንን ይዘን እንገባለን። ሳድስ ሲመጣ አፋቸው ገጠም ስለሚል እግዜርን እናመሰግን ነበር።

እማዬ ግን ከዚያ ምድር ቤት እንድቀር አትፈልግም። ወንድሜ ዳዊት አገር ቤት፣ ደሴ ከተማ አክስቴ ዘንድ ቀርቶ ነበር፤ ደብዳቤውን የሚያነቡላት እትዬ አስካለ የሚባሉ የሠፈሩ ሁሉ አንባቢ ናቸው። እትዬ አስካለ ቀስ ብሎ ማንበብ አያውቁም። ዳዊት ፈተና መውደቁን፣ ዳዊት አልጋ ላይ መሽናቱን አደባባዩ ሁሉ ሰምቶ ከንፈር መጥጦላታል። አንቺ ካነበብሽልኝ የልጄ ገመና ከእኔ አያልፍም ትለኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ተራዬ ደረሰ፣ ራብዕ ነበር። ትንፋሼን በጊዜ አልያዝኩም። የበላሁትን ሁሉ ጋቢያቸው ላይ አስታወክሁት። ልጆቹ እየጮሁ ወደ ደረጃው ሮጡ። የኔታ ውኃ አምጥተው መጀመሪያ የእኔን ፊት አጠቡ፣ ቀጥለው ጋቢያቸውን። እጃቸው ፊቴን ሲነካኝም ቀፈፈኝ። ይህንንም ልናገረው፣ ቀፈፈኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስንመጣ አንገታቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ፊታቸው አብጧል። በነጻ ወደሚነቀልበት ቦታ ሄደው የቀሩትን ጥርሶች በሙሉ አስነቅለው ነው የመጡት። በአንድ ሳምንት። አፋቸውን ከፈቱ፣ ድዳቸው ገና ይደማ ነበር።

“አሁን ንጹሕ ነው፤ ኑ፣ እዩ” አሉን።

ማንም አልተጠጋም። አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ ከሁሉም በላይ። ለድምፁ ጥርስ አያስፈልግም እያሉ በዚያ በቆሰለ አፍ ሰባቱንም ለብቻቸው አሳዩን። እኛ ግድግዳው ሥር ተኮልኩለን አፍንጫችንን ይዘናል።

እናቶቻችን አደባባዩ ላይ ተሰብስበው መከሩ። ልጆቻችን ታመሙ፣ ንጹሕና ወጣት አስተማሪ እናመጣለን ተባለ። ማንንም አላመጡም፣ ወሬ ብቻ ነው። እማዬ ወደ እኔ ዞራ የኔታ ይቆዩ ወይስ ይሂዱ አለችኝ። ለእኔ ስትል ከሁሉም ጋር ልትሟገት እንደነበር ዓይኗ ላይ አይቻለሁ። ይሂዱ አልኳት። መልእክቱን ያደረሰችላቸው አልማዝ ናት። ልጆች ከሌሉ ካንቲናውም የለም፣ እስከ ወሩ መጨረሻ መልቀቅ ነበረባቸው። አልማዝ ተመልሳ እንደነገረችን፣ አልተቆጡም፣ ቆዩልኝም አላሉም። የለመኗት አንድ ነገር ነው፦ “ከእነዚያ ልጆች አንዱ ለእናቱ ደብዳቤ ያነበበ እንደሆን ንገሩኝ።”

ወሩ ሳያልቅ የዳዊት ደብዳቤ ደረሰ። እትዬ አስካለ ሲኞራቸውን ተከትለው ባሕር ወርደዋል፣ ሌላ አንባቢ የለም። እማዬ አግዳሚው ላይ ፖስታውን ይዛ ብዙ ተቁነጠነጠችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ድርቅ አልኩ። ከዚያ ሳላስበው አፌ በራሱ ሾለ፣ ተሳበ፣ ተከፈተ፣ ፊደሎቹም እየተከተሉ መጡ። ይድረስ ለውድ እናቴ። ጫማው ልክ ሆነልኝ። እያልኩ ወረድኩ፣ መጨረሻው ላይ፣ እማዬ ድምፅሽን እየረሳሁት ነው፣ ይላል። እማዬ ያቺን መስመር ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። በዙሪያችን ሴቶቹ ይሳሳቃሉ፣ ያነበብኩላትን ግን አንዳቸውም አልሰሙም።

ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ለራሷ የቋጠረችውን ምሳ በእጄ ሰጠችኝ። “ሮጠሽ ለየኔታ ንገሪያቸው። ሌላ ምንም አትበዪ፣ አነበብኩላት በያቸው።”

ወረድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። የኔታ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ዳቦ ወተት ውስጥ እየነከሩ ይመጥጣሉ። ድምፁ ደረጃው ድረስ ይሰማል፤ ወተቱ በጢማቸው ይወርዳል። እግሬን ሰምተው “ማነው?” አሉ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃቸው። እኔ ግን ቢያዩኝ አፋቸውን የሚከፍቱልኝ መሰለኝ። ምሳውን ደረጃው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ከኋላዬ ሁለተኛ ማነው ሲሉ ሰማኋቸው።

እማዬ ምን አሉሽ አለችኝ። ደስ አላቸው፣ መረቁኝ አልኳት።

በወሩ መጨረሻ ካንቲናውን ለቅቀው ሄዱ፤ ወዴት እንደሄዱ አልማዝም አታውቅም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ለእናቴ ግን ዳዊት ራሱ እስኪመጣ ድረስ ደብዳቤውን ሁሉ አነበብኩላት፣ ገመናዋም ከሁለታችን አልወጣም። ዛሬ እማዬ ጡረታ ወጥታለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን ታወራለች፦ ልጄ ካንቲና ወርዳ ስትነግራቸው የኔታ እንዴት እንደተደሰቱ፣ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ ጭነው እንዴት እንደመረቋት። የምርቃቱን ቃል እኔ አልነገርኳትም፣ በየዓመቱ ራሷ እየጨመረችበት አሁን ረጅም ሆኗል። ስታወራው ራሴን እጸየፋለሁ፣ እንግዶቹ አሜን ይላሉ፣ እኔ አፌን ዘግቼ ሻይ እቀዳለሁ።